ከወዲያ በኩል የተቀደደ ወረቀት

ሰመራ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሸዋንግዛው፣

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? እኔና እናቴ፣ ምስጋና ለአምላክ ይድረሰውና፣ ደህና ነን። ሙቀቱም ሰሞኑን ጋብ ብሎልናል።

ቀስቱ በሰላም ደርሶኛል። ሾፌሩ አህመዲን በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ከጋቢናው አውጥቶ ሲሰጠኝ፣ «እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ነው ያመጣሁት፤ ሽማግሌው ሦስት ጊዜ በወረቀት ጽፎ አስጠንቅቆኛል» አለኝ። አባቴን ወንዝ ሲወስደው አምስት ዓመቴ ነበር። ፊቱን እንኳ የማውቀው ከምድር ባቡር መታወቂያው ላይ ነው። እጁ የነካውን ነገር ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ግን ልትነካው አልፈለገችም። በር ላይ ቆማ አየችውና፣ «እሱ የጠረበው ወይራ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ስልክ እንደማይሰሙ ስለነገረችኝ ነው በደብዳቤ የማስቸግርዎ። የአባቴ የአጎት ልጅ ይሁኑ የአክስት ልጅ በደንብ አታስረዳኝም፤ «ዘመድ ነው፤ አብረው ነው ምድር ባቡር የገቡት፤ አብረው ነው ቀስት የሚሠሩት» ትለኛለች እንጂ።

እዚህ ስፖርት አስተምራለሁ። ሚያዝያ ላይ አዳማ የባህል ስፖርት ውድድር አለ፤ እኔም በቀስት ተመርጫለሁ። ቀስቱ ባህላዊ ይሁን እንጂ ፍላጻው ካርቦን ቢሆንም አይከለከልም ተብለናል። የባልደረባዬ የሁሪያ ወንድም ከጅቡቲ አስራ ሁለት የካርቦን ፍላጻ አምጥቶልኛል፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ በእጅ ሲይዙት ያለም የማይመስል። ችግሩ ሁሉም ወደ ግራ መሄዳቸው ነው። ወደ ቀኝ ባነጣጥርም ወደ ግራ ነው። ምን ላድርግ?

ሌላም ልጠይቅዎ። አባቴ ከአዋሽ ገደል ላይ ተንሸራቶ ወንዝ የገባ ዕለት እርስዎ አብረውት ነበሩ ይባላል። እናቴ ስለዚያ ቀን አታወራም። ቢመችዎ ይጻፉልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ ዕፀገነት ዋሲሁን


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እናትሽን ወይዘሮ የዓለምወርቅን እጅ ነስቷል በይልኝ። እኔ ጆሮዬን ለምድር ባቡር ትቼለት በቀረው አካሌ ደህና ነኝ። እዚህ ሰሞኑን መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሰው ጉርምርምታውን ሰምቶ ከቤቱ ይወጣል፤ እኔ ግን በእግሬ መዳፍ ነው የምሰማው።

ካርቦን አላውቅም። የማውቀው እንጨትና ሸምበቆ ነው። ግን የፍላጻ ጠባይ አንድ ነው። ሲለቀቅ እንደ እባብ ይታጠፍና የቀስቱን እጀታ ዞሮ ያልፋል፤ ከዚያ ይቃናል። ግትር ከሆነ አይታጠፍም፤ እጀታው ገፍቶ ወደ ግራ ይጥለዋል። ያንቺ ካርቦን ግትር ነው። ግትርን የሚያለዝበው ራሱ ላይ የሚጫን ክብደት ነው። ስለዚህ በቶርኖ ነሐስ ቆርጬ ከጫፉ ኋላ የሚገባ ማክበጃ ሠርቼልሻለሁ፤ አራት ግራም፣ ስድስት ግራም፣ ስምንት ግራም። ርዝመቱን አትቁረጪ። ካጠረ ይብስ ግትር ይሆናል።

አሁን የምነግርሽን በጥንቃቄ አድርጊ። ወረቀት በፍሬም ላይ እንደ ከበሮ ወጥሪ። ኋላው ጥጥ የሞላ ጆንያ አቁሚ። ከአምስት እርምጃ ወርውሪ። ፍላጻው ቀጥ ብሎ ካለፈ አንድ ክብ ቀዳዳና የሦስቱ ላባ ጭረት ብቻ ይቀራል። እየተወላገደ ካለፈ ወረቀቱ ይተረተራል። በአንድ ወረቀት አንድ ፍላጻ ብቻ። አንቺ በቆምሽበት በኩል ባለው ገጽ ቁጥር ጻፊበትና ላኪልኝ። ከትርትሩ ምን እንደሚጎድለው አነብልሻለሁ።

የጅቡቲ ልጆች ጨዋ ናቸው፤ ለሁሪያ ወንድም ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

ሸዋንግዛው


ሰመራ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሸዋንግዛው፣

የመሬቱን ነገር በሬዲዮ ሰምተን ተጨንቀናል። እናቴ «ቤቱ አሮጌ ነው፤ ውጭ ይተኛ በይው» ብላለች።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ከትምህርት ቤቱ ኋላ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከጥቁር ድንጋይ በቀር ምንም የሌለበት ሜዳ አለ። አሮጌ የመስኮት ፍሬም አቆምኩ። ጆንያውን የዱብቲ ጥጥ ሞላሁት። የምወረውረው ጠዋት፣ ተማሪ ሳይገባ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ነው። ሁሪያ አንዳንዴ ትመጣለች፤ ብዙውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ።

ስድስት ወረቀት ልኬልዎታለሁ። አንድ እና ሁለት ያለ ነሐስ ናቸው፤ እንዴት እንደተተረተሩ ይዩልኝ! ሦስት እና አራት በአራት ግራም፣ አምስት እና ስድስት በስድስት ግራም ናቸው። እየተሻሻለ ይመስለኛል። አሁን ወደ ግራ የሚሄደው ስንዝር ብቻ ነው።

የአባቴን ነገር ሳይጽፉልኝ ቀሩ። ምናልባት ረስተውት ይሆናል።

ዕፀገነት


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፣

እናትሽ እንዳለችው ውጭ ነው የምተኛው። ምክሯን ስለላከችልኝ አምላክ ይስጣት።

ወረቀቶቹን በመስኮቴ ብርሃን ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። እጅሽ ጥሩ ነው፤ አለቃቀቅሽ አይዋልልም፤ ትርትሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው። ስምንት ግራሙን አድርጊ። ከዚያ ደግሞ የአንዱን ላባ ላጭተሽ መላጣውን ከባለላባው ጋር አብረሽ ወርውሪ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተተከሉ ሥራው አልቋል ማለት ነው።

ቁጥር አምስት ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለት ቀዳዳ አለበት። በአንድ ወረቀት አንድ ብዬሽ ነበር። ደግሞ ሁለተኛውን ከየት በኩል ቆመሽ ነው የወረወርሽው?

ሸዋንግዛው


ሰመራ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሸዋንግዛው፣

እንኳን ለጽዮን ማርያም አደረሰዎ። እናቴ ሰላም ብላለች።

ስምንት ግራሙ ሠራ! መላጣው ፍላጻና ባለላባው ከሃያ እርምጃ ላይ አንድ ጣት ተራርቀው ተተከሉ። ሁሪያ እልል ብላ አጥሩ ጋ የተሰበሰቡትን ፍየሎች በተነቻቸው።

ቁጥር አምስትን በተመለከተ፣ ወላዲተ አምላክን፣ አንድ ነው የወረወርኩት። የምወረውረውም ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፤ ከፍሬሙ ወዲያ ጆንያው ስላለ መቆሚያም የለም። የእሾህ ወይም የወፍ ነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል። አስራ ሁለት ወረቀት ልኬልዎታለሁ፤ በየወረቀቱ አንድ አንድ ፍላጻ ነው ያሳለፍኩት። ሰባቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ስወጥራቸው ደህና ነበሩ። ስወረውር ያየሁት አንድ ፍላጻ ነው፤ የሰማሁትም አንድ ድምፅ ነው። ወረቀቱን ላነሳ ስሄድ ግን ሁለት ይሆናል።

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። እርስዎ ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ነው።

ዕፀገነት


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕፀገነት፣

ፍላጻዎቹ ተስተካክለዋል። ከእንግዲህ በወረቀት መፈተን አያስፈልግም። ወረቀት አትላኪልኝ። ያ ሜዳ ጥሩ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ቀስቱንም ለአህመዲን ስጪልኝ። አርጅቷል፤ ሊሰበር ይችላል። ሌላ አዲስ እሠራልሻለሁ።

ሸዋንግዛው


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሸዋንግዛው፣

እንደምን ሰነበቱ? መልስዎን ስጠብቅ አንድ ወር ሊሞላኝ ምንም ሳይቀረኝ ደረሰኝ፤ ሰላምታም የለበትም። አጥፍቼ ከሆነ ይንገሩኝ።

አህመዲን ቤትዎ ጎራ ባለ ጊዜ ያየውን ነገረኝ። «ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በካሊፐር ቀዳዳ ይለካል፤ ይጽፋል፤ እንደገና ይለካል። ትከሻውን ብነካው እንደተወጋ ሰው ዘለለ» አለኝ። ምንድነው የለኩት? ለእኔስ ለምን አይነግሩኝም?

ቀስቱን አልሰጥም። ሌላ ነገር ቢጠይቁኝ እሰጣለሁ፤ የአባቴን ቀስት ግን አልሰጥም።

አሁን ደግሞ ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ልንገርዎ። ሁሪያ ዘግይታ መጣች። እኔ መወርወር ጀምሬ ነበር። ከአጥሩ ላይ ሆና ጮኸች።

«አቁሚ! ሰው አለ!» አለች።

«የት?»

«ከጆንያው ኋላ! ወላሂ ልትገድዪው ነበር!»

ሮጠን ሄድን። ማንም የለም። ሜዳው እንደጻፍኩልዎ እስከ አስፋልቱ ድረስ መደበቂያ የለውም።

«ማነው ያየሽው?» አልኳት።

«ያ ሰውዬ ነዋ። ሁልጊዜ እዚያ የሚቆመው። የጥበቃው ዘመድ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሰላም ብዬው ዝም አለኝ። አፉን ይከፍታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም።»

«እንዴት ነው ሁልጊዜ የምትዪው? እኔ አንድ ቀን አላየሁትም እኮ።»

«አንቺ የምታዪው ወረቀቱን ነዋ» አለችኝ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር አትመጣም። የመጨረሻውን ወረቀት እናቴ ሳላስበው ከቦርሳዬ አግኝታው ነበር። ትንሿን ጣቷን በአንደኛው ቀዳዳ ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባላትም። በሁለተኛው አስገባች፤ ገባ። አጥፋ መለሰችልኝ። እሱንም ልኬዋለሁ።

እባክዎ፣ የሚያውቁትን ይንገሩኝ።

ዕፀገነት


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋሲሁን ልጅ ለዕፀገነት፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በዪኝ።

ሚያዝያ 1995 ነው፤ እሑድ ጠዋት። እኔና አባትሽ ገደሉን ወርደን ወንዙ ዳር አዲስ የሸምበቆ ፍላጻ እንፈትን ነበር። ያኔም በወረቀት ነው የምንፈትነው። በዋዜማው ቀስቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው በሚል ሰው ፊት ተጣልተናል፤ ጠዋት ግን ታርቀን እየሳቅን ነበር የወረድነው። እሱ «ከወረቀቱ ሲወጣ እንዴት እንደሚሄድ ልየው» ብሎ ከወረቀቱ ወዲያ ከጎን ቆመ። እኔ ከወረቀቱ በቀር አይታየኝም። ሳብኩ። እሱ ምን እንደታየው እንጃ ወደ መሃል ገባ። ሲገባም ሳይጠራኝ አይቀርም፤ «ቆይ» ብሎኝ ይሆናል። ጆሮዬ ያን ጊዜ ግማሹ ሄዷል። ከሥራ እንዳልባረር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሱም ጭምር። አልሰማሁም። ለቀቅሁ።

ወረቀቱን ገልጬ ስሮጥ ወድቆ አገኘሁት። አፉ ይከፈታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን አፉ ላይ ደቀንኩ። ምንም አልመጣልኝም። እንዲያ እያለ በእጄ ላይ ሞተ።

«ትናንት ተጣሉ፣ ዛሬ ገደለው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እዚያው ከገደሉ ሥር ቀበርኩት፤ ድንጋይ ደረደርኩበት። ከዚያ ወጥቼ ወንዝ ወሰደው ብዬ ጮህኩ። ከተማው ሁሉ ወንዙን ሲፈልግ ውሎ አደረ። እኔም አብሬ ፈለግሁ። እናትሽ ሬሳው ሳይገኝ ጥቁር አልለብስም ብላ አንቺን ይዛ ወደ ታች፣ ወንዙ ወደሚሄድበት አገር ሄደች። ሰመራ ለምን እንደገባች አሁን አወቅሽ። አዋሽ የወሰደውን አንድ ቀን እዚያ ይመልሳል ብላ ነው። ይህን እያወቅሁ ሃያ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።

አሁን ወረቀቶቹ የነገሩኝን ልንገርሽ። ያንቺ ካርቦን ወፍራሙ ላይ ስድስት ሚሊሜትር ተኩል ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ግን አስር ነጥብ ሁለት ነው፤ የሸምበቆ ልክ። ያንቺ ሦስት የላባ ጭረት አለው፤ ያኛው ሁለት ብቻ። እኔና አባትሽ ሁለት የአሞራ ላባ ነበር የምናስረው። የተቀደደው ወረቀት ከንፈሩ ደግሞ ቁጥር ወደጻፍሽበት ገጽ ወጥቷል። ፍላጻው ወደ አንቺ ነው የመጣው ማለት ነው። የዚያን እሑድ ወረቀት ከሣጥኔ ሥር አስቀምጬው ነበር፤ ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አውጥቼ ለካሁት። አስር ነጥብ ሁለት።

ባለፈው ሳምንት በምርኩዝ ገደሉን ወረድኩ። የመሬቱ መንቀጥቀጥ ከላይ እስከ ታች ድንጋዩን ሁሉ አንከባሎታል፤ የማውቀው መንገድ ጠፍቷል። የእሱ ድንጋዮች ግን እንደደረደርኳቸው ናቸው። አንዱም አልተነቃነቀም።

ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው ቀድሜ የጻፍኩልሽ። ይቅርታ አልጠይቅሽም። በምን አፌ እጠይቅሻለሁ።

ሸዋንግዛው


ሰመራ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሸዋንግዛው፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለብዙ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ከዚያ ለእናቴ አነበብኩላት። ሁለተኛ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት። አላለቀሰችም። «ያለበት ቦታ ፀሐይ ይመታዋል ወይስ ጥላ ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ፖሊሶቹ ደውለውልናል። መጋቢት 6 ቅዳሜ እንመጣለን። ቦታውን እርስዎ ያሳዩናል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዕፀገነት


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕፀገነት፣

በሰላም እንደገባችሁ ከአህመዲን ሰማሁ። በዋስ ነው ያለሁት፤ ቀጠሮዬ ከፋሲካ በኋላ ነው። ጠበቃ አልያዝኩም፤ የሆነውን ራሴው እናገራለሁ።

ጥላ ነው። አሁን እናትሽ ራሷ ስላየችው እንድነግራት አያስፈልግም፤ ግን ያኔ መርጬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ጥላ ነው።

አጽሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እኔ ከቅጥሩ ውጭ እንደቀረሁ አይተሻል። መግባት አልቻልኩም። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ሲበተን እናትሽ ብቻዋን ወደ እኔ መጣች። አንቺ ከኋላዋ ነበርሽ። ፊቴ ላይ ቆማ አንድ ነገር ተናገረች። አጭር ነው። ነጠላዋ ግማሽ አፏን ሸፍኖት ስለነበር ከከንፈሯ ማንበብ አልቻልኩም። እኔም ደንቆሮ ሰው እንደሚያደርገው፣ ስንት ዘመን እንደለመደብኝ፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። የመጀመሪያዋ ነው፤ ሲቆፈርም አላለቀሰችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ረግማኝ ከሆነ ይገባኛል። ግን አዎ ያልኩት ምን ብላኝ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። አንቺ ሰምተሻል። ልለምንሽ፤ ምን ነበር ያለችኝ?

ሸዋንግዛው


ሰመራ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሸዋንግዛው፣

እንደምን ሰነበቱ? እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ይህን ለመጻፍ እጄ ቶሎ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የቆየሁት።

አዳማ ሄጄ ነበር። ከአስራ ዘጠኝ ተወዳዳሪ አምስተኛ ወጣሁ። ፍላጻዎቹ አንዱም ወደ ግራ አልሄደም። ወረቀት ግን ከዚያ ወዲህ ወጥሬ አላውቅም፤ አልወጥርምም። ሁሪያ ወደ ሜዳው መምጣት ጀምራለች። የዚያ ሰውዬ ከንፈር ምን ይል እንደነበር ለይታ አይታው ይሆናል። አልጠየቅኳትም።

እናቴ ጥቁር ለብሳለች። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለቅሶ ተቀመጠች። የሎግያም የሰመራም ሰው መጣ፤ የሁሪያ እናት እንኳ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቧ አልተለየችም። እናቴ ድሮ መብራት ሳታጠፋ ነበር የምትተኛው፤ በር የሚያንኳኳ ካለ ብላ። አሁን አጥፍታ ትተኛለች። ትበላለች። ስለ አባቴ ታወራለች፤ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ ጫማውን እንዴት እንደሚያስር ነገረችኝ። እኔ አባት ያገኘሁት በዚህ ወር ነው ማለት ይቻላል።

የጠየቁኝን ልመልስ። አልረገመችዎትም። ጥያቄ ነበር የጠየቀችዎ። «ሲሞት ስሜን ጠራ? የዓለም አለ?» ነው ያለችው። እርስዎም አዎ ብለው ነቀነቁ።

ለለቅሶ ለሚመጣው ሰው ሁሉ የምትናገረው ይህንኑ ነው። «የዓለም ብሎ ነው የሞተው። ሸዋንግዛው አጠገቡ ነበር፤ ሰምቶታል» ትላለች። በለቅሶ መሃል እንኳ ይህን ስትል ፊቷ ይፈካል።

እኔ ይቅርታ አላደረግኩልዎትም። አንድ ቀን አደርግ እንደሆነም አላውቅም፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ጥያቄዋን እንዳልሰሙ አይንገሯት። ፍርድ ቤት ስትመጣ እንደገና ትጠይቅዎት ይሆናል። ከንፈሯን አይተው ካወቁት፣ ያኔም ይነቅንቁላት።

ዕፀገነት ዋሲሁን